የህንድ ሰርግ ተጠርታችኋል? የትኛው ቀን፣ የትኛው ልብስ፣ ስንት ሩፒ

ለህንድ ሰርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው «ምን ልልበስ?» እያለ ነው። ከልብሱ በፊት ግን መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የሙሽሮቹ ቤተሰብ ከየትኛው የህንድ ክፍል ነው? ሃይማኖቱስ ምንድን ነው? ፑንጃብ ውስጥ ሙሽራው ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ በማርሽ ባንድና በጭፈራ ታጅቦ ይመጣል። ኬረላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚያልቅ የሂንዱ ሥርዓት አለ። ታሚል ናዱ ላይ ደግሞ በማለዳ ካልደረሳችሁ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል። በአንዱ ቤት የሚያስመሰግነው በሌላው ቤት ቅር ያሰኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ «ሰርጉ የማን ነው?» በሚለው ላይ ይወሰናል።

ይህን ስጽፍ የማስበው ፑንጃብ ወይም ሃይደራባድ ለትምህርት የሄደውን፣ ዱባይ ከኬረላ ልጆች ጋር የሚሠራውን፣ ሜሪላንድ ጉጃራቲ ጎረቤት ያለውን፣ አዲስ አበባም የህንድ ባልደረባ ያለውን የእኛን ሰው ነው። የህንድ ፊልም እያየ ያደገ «እኔማ አውቀዋለሁ» ይል ይሆናል። ፊልሙ በአብዛኛው የሚያሳየው የሰሜኑን የሀብታም ሰርግ ነው። ደቡቡን ሲያይ ይገረማል።

መልሱ ካርዱ ላይ አለ

ቤተሰቡን መጠየቅ ከከበዳችሁ ጥሪ ካርዱን ደህና አድርጋችሁ እዩት። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ ከተሳለበት ቤቱ ሂንዱ ነው። «ኤክ ኦንካር» የሚባለው ምልክት ካለበት ሲክ ነው። 786 የሚል ቁጥር ካያችሁ የሙስሊም ቤት ነው፤ በደቡብ እስያ ቁጥሩ «ቢስሚላህ»ን ይወክላል። መስቀል ካለበት መቼም አይጠፋችሁም።

ካርዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዝግጅት የተለየ ወረቀት ሊኖር ይችላል። የሬሴፕሽኑ ብቻ ከደረሳችሁ የተጠራችሁት ለሬሴፕሽኑ ነው፤ አትከፉ። የእናንተ ስም ብቻ ከተጻፈ ብቻችሁን ሂዱ። «ከነቤተሰብ» ካለ ደግሞ የምር ነው፣ ልጆቹንም ያዙ።

አራት ቀን ተጠርቶ አንድ ቀን ብቻ ለሚችል

በሰሜን ህንድ ሂንዱዎችና ፑንጃቢዎች ዘንድ አንድ ሰርግ ብዙ ዝግጅት አለው። መሄንዲ የሙሽሪት እጅና እግር በሂና የሚጌጥበት ነው። በብዛት የሴቶች ነው፣ ዘና ያለ ነው፣ እንግዳ ሴቶችም እጃቸውን ይሰጣሉ። ሃልዲ ላይ ቤተሰቡ ሙሽሮቹን በእርድ ይቀባል። ሳንጊት የዘፈንና የጭፈራ ማታ ነው፤ የሁለቱም ወገን ዘመዶች የተለማመዱትን ጭፈራ መድረክ ላይ ያሳያሉ። ከዚያ ዋናው ሥርዓት፣ በመጨረሻም ሬሴፕሽን።

ብዙ ሰው ለእንግዳ የሚመክረው ሬሴፕሽኑን ነው። እውነት ነው፣ የሚያሳስት ነገር የለውም። ሙሽሮቹ መድረክ ላይ ይቆማሉ፣ እናንተ ተሰልፋችሁ ትወጣላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ፖስታችሁን ትሰጣላችሁ፣ ወደ ቡፌው ትሄዳላችሁ። በቃ። ከሥራ ባልደረብነት ያላለፈ ትውውቅ ከሆነ ይበቃል። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዋናውን ሥርዓት ምረጡ እላለሁ። ሬሴፕሽን ሁሉም አገር አለ። ጓደኝነታችሁ የቅርብ ከሆነ ሳንጊቱን ጨምሩበት፤ ከቤተሰቡ ጋር የምትግባቡት እዚያ ነው፣ መጨፈር አለመቻላችሁን የሚታዘብ የለም። ለሃልዲ ከተጠራችሁ ደግሞ እንደ ቤተሰብ ተቆጥራችኋልና አትቅሩ። ያረጀ ልብስ ልበሱ፣ እርዱ አይለቅም።

ሰሜን ላይ ሌላ ምርጫ ይመጣል። ካርዱ ማታ አንድ ሰዓት ቢልም የሙሽራው ሰልፍ፣ ባራት የሚሉት፣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ላይ ሊደርስ ይችላል። የሙሽራው ወገን ከሆናችሁ እየጨፈራችሁ አብራችሁ ትገባላችሁ። የሙሽሪት ወገን ከሆናችሁ በር ላይ ቆማችሁ ትቀበላላችሁ። ሙሽሮቹ የአበባ ጉንጉን ይለዋወጣሉ፣ እራት ይበላል፣ ከዚያ አብዛኛው እንግዳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋብቻው ግን ገና አልተፈጸመም! በእሳት ዙሪያ የሚዞሩት፣ ፌራ የሚባለው፣ ኮከብ ቆጣሪ በመረጠው ሰዓት ነው፤ አንዳንዴ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። በብዙ ቤት ሰባት ዙር ነው፣ ጉጃራቲዎች ዘንድ አራት። ከዙሩ ሌላ ሙሽሮቹ በእሳቱ ፊት አብረው የሚረግጧቸው ሰባት እርምጃዎች አሉ፤ እነዚህ በሕግም ክብደት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ፣ ሥርዓቱ ሰባቱን እርምጃዎች የሚጨምር ከሆነ ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው ሲረገጥ ነው ይላል።

እራት በልቶ መሄድ ነውር አይደለም፣ ህንዶቹም ያደርጉታል። ግን ከቻላችሁ ቆዩ። ያን ሰዓት የሚቀረው የቅርብ ሰው ብቻ ስለሆነ ከፊት ትቀመጣላችሁ፣ የሚሆነውን የሚያስረዳችሁ አክስት አይጠፋም። የሙሽሪት እህቶች የሙሽራውን ጫማ ደብቀው ገንዘብ ሲያስከፍሉ የምታዩትም ያኔ ነው። የእኛን ሚዜዎች በር ላይ የምታጨናንቁ ሴቶች ትወዱታላችሁ።

ደቡብ ላይ ተቃራኒው ነው። ታሚሎችና ቴሉጉዎች ዘንድ የተመረጠው ደቂቃ አይታለፍም፣ ብዙ ጊዜም ጠዋት ነው። ታሚሎች ዘንድ ሙሽራው ታሊ የሚባለውን የጋብቻ ወርቅ የሙሽሪት አንገት ላይ ሲያስር ከበሮው በኃይል ይመታል፣ ናዳስዋራም የሚባለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያም በኃይል ይነፋል፤ በዚያች ቅጽበት ክፉ ድምፅ እንዳይሰማ ነው። እንግዳው በእርድ የተቀባ ሩዝ ይበትናል። ሩዙ በእጃችሁ ሲሰጣችሁ እንዳትበሉት፣ ጠብቁ። ሃይደራባድና ቪሳካፓትናም ያላችሁ የቴሉጉ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ የከሙንና ያልተጣራ ስኳር ድቁስ አንዱ በአንዱ አናት ላይ ሲያደርጉ ታያላችሁ። እሱ ነው ዋናው ሰዓት። ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ መሄድ ይቻላል።

ዝም ማለት ወይስ ማውራት?

የሂንዱ ሥርዓት ላይ ካህኑ ማንትራ እያነበበ እንግዳው ያወራል፣ ይነሳል፣ ሻይ ይጠጣል። የእኛን ቅዳሴ ለለመደ ይረብሻል፣ ግን ንቀት አይደለም። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ዳስ፣ ማንዳፑ፣ አጠገብ ስትደርሱ ጫማ አውልቁ፤ በሙሽሮቹና በእሳቱ መካከል አትለፉ። ሌላው ነፃ ነው።

ሲኮች ዘንድ ግን ሥርዓቱ አናንድ ካራጅ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ በጠዋት ጉርድዋራ በሚባለው የሲኮች ቤተ ጸሎት ውስጥ ይፈጸማል፣ ጸጥታም ያስፈልገዋል። ወንድም ሴትም ራስ ይሸፍናል። በር ላይ መሸፈኛ ጨርቅ ይሰጣል፤ ኬፕ አድርጎ መግባት ግን አያምርም። መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ እግር ወደ ቅዱሱ መጽሐፍ ወደ ጉሩ ግራንት ሳሂብ አይዘረጋም። ሙሽሮቹ መጽሐፉን አራት ጊዜ ይዞራሉ። ሲጋራና መጠጥ ኪስ ውስጥም ቢሆን ይዞ መግባት ክልክል ነው። በመጨረሻ ካራህ ፕራሻድ የሚባል በቂቤ የተሠራ ትኩስ ጣፋጭ ይታደላል፤ ሁለት እጃችሁን አጣምራችሁ ተቀበሉ። ዱባይ ያላችሁ ጀበል ዓሊ ያለውን ጉርድዋራ ቀድማችሁ ጎብኙ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ክፍት ነው፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ነፃ ምግቡን ላንጋርንም ትቀምሳላችሁ። ከሰርጉ በፊት መለማመጃ ይሆናችኋል።

የሙስሊም ሰርግ ላይ ኒካው፣ ማለትም የጋብቻ ውሉ፣ ራሱ አጭር ነው። ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው መህር ይነገራል፣ ሙሽሮቹ «ቁቡል ሃይ» (ተቀብያለሁ) ይላሉ፣ ዱዓ ይደረጋል። ትልቁ ግብዣ በሙሽራው ወገን የሚዘጋጀው ወሊማ ነው። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ መለያየታችሁን አስቀድማችሁ አስቡት። ሁለቱም ከቀረቡላችሁ ወሊማው ይቀላል፣ ኒካው ቅርበት ይጠይቃል።

የኬረላ ክርስቲያኖች ሰርግ ደግሞ ለእኛ ኦርቶዶክሶች የተለየ ነገር አለው። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የእኛ እህት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የጠሩት የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ የእነሱም አባት ነበሩ። ተክሊል የሚያውቅ ሰው የዘውድ ሥርዓታቸውን ሲያይ እንግዳነቱ ይረሳል። ልዩ የሆነው ሙሽራው የሚያስረው ሚኑ ነው። መስቀል ያለበት ትንሽ የወርቅ ጌጥ ሲሆን ክሩ የሚመዘዘው ለሙሽሪት ከሚሰጣት ሳሪ ነው።

እልልታን በተመለከተ፤ ቤንጋሊዎች ሰርግ ላይ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ዛጎልም ይነፋሉ። እዚያ ከሄዳችሁ ጉሮሯችሁን አትቆጥቡ። ጉርድዋራ ውስጥ ግን ዋጥ አድርጉት።

የሐበሻ ቀሚስ፣ ሳሪ ወይስ ሱፍ?

የሐበሻ ቀሚስ ለመልበስ ያሰባችሁ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በብዙ የሂንዱ ቤተሰብ ነጭ የሐዘን ቀለም ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት የምትለብሰው። ሙሉ ነጭ ቀሚስ በነጭ ነጠላ ለብሳችሁ ራጃስታን ወይም ፑንጃብ ሰርግ ላይ ብትገኙ በአፍ የሚናገራችሁ የለም፣ አያቶቹ ግን ቅር ይላቸዋል። ኬረላ ይለያል። እዚያ ወርቃማ ጥለት ያለው ነጣ ያለ ልብስ የክብር ልብስ ነው፣ የክርስቲያን ሙሽሮችም ነጭ ይለብሳሉ። ስለዚህ ለኬረላ ሰርግ ባለ ወርቃማ ጥበብ ቀሚሳችሁ በጣም ያምራል። ለሌላው ግን ባለቀለም ሸማ ምረጡ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ነጠላውን ጉርድዋራ ውስጥ ራስ መሸፈኛ ታደርጉታላችሁ።

ቀይም ይቅር፣ በተለይ ሰሜን ላይ የሙሽሪት ነው። ጥቁር በከተማ ሬሴፕሽኖች ላይ እየተለመደ ነው፣ ሥርዓቱ ላይ ግን አይመከርም።

የህንድ ልብስ መልበስ ይቻላል? ይቻላል፣ ደስ ይላቸዋልም። ጥያቄው የትኛውን ነው። ሳሪ ታምራለች፣ ግን አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ጨርቅ ነው። በልክ የሚሰፋ ብላውዝ፣ ከሥር የሚለበስ ጉርድ፣ ብዙ መርፌ ቁልፍና የሚያለብሳችሁ ሰው ይፈልጋል። ሙሽሪት በዚያን ቀን እናንተን የማልበስ ጊዜ የላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሳልዋር ካሚዝ ወይም አናርካሊ ይሻላል። ሱሪ አለው፣ ሻርፕ አለው፣ መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ሆድ አያሳይም። ሰፊ ጉርድና አጭር ብላውዝ የሆነው ሌሄንጋ ለሳንጊትና ለሬሴፕሽን ይሁን፤ ጉርድዋራ ውስጥ ሆድ የሚያሳይ ልብስ አይሆንም። ግንባር ላይ የምትደረገውን ነጥብ፣ ቢንዲን፣ መለጠፍ ችግር የለውም። ፀጉር መሐል የሚቀባውን ሲንዱርና ማንጋልሱትራ የሚሉትን ሐብል ግን አታድርጉ፣ ያገባች ሴት ምልክቶች ናቸው።

ወንዶች ዕድለኛ ናችሁ። ረጅም ሸሚዝና ሱሪ የሆነው ኩርታ ፒጃማ ርካሽም ምቹም ነው፣ ለሁሉም ዝግጅት ይሆናል። ሸርዋኒ የሚባለውን ያጌጠ ረጅም ኮት ለሙሽራው ተዉለት። ሱፍም ማንንም አያስቀይምም። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ያልተቀደደ ካልሲ ይኑራችሁ።

ፖስታ ወይስ ዕቃ?

ፖስታ። ካርዱ ላይ «በሳጥን ስጦታ አንቀበልም» የሚል ከተጻፈ ደግሞ ክርክር የለውም። ገንዘቡ መጨረሻው ላይ አንድ ይኖረዋል፤ 501፣ 1,101፣ 2,101 ሩፒ እያለ ይቀጥላል። ድፍን ቁጥር ያለቀ ነገር ነው፣ አንዷ የምትጨመረው ቀጣይነት እንዲኖረው ነው ይላሉ። ህንድ ውስጥ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ከፊቱ የተለጠፈበት ያጌጠ ፖስታ ይሸጣል። ውጭ አገርም ልማዱ ይሠራል፤ 101 ዶላር፣ 201 ድርሃም። ለክርስቲያንና ለሙስሊም ቤት አንዷ ግዴታ አይደለችም፣ ብትጨምሯት ግን አትጎዳም። ስማችሁን ፖስታው ላይ ጻፉ፣ በሳጥኑ ሙሉ ፖስታ መሐል የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ዕቃ የምትሰጡ ከሆነ የአገራችሁን ስጡ። ባለቀለም መሶብ፣ ጀበና ከነሲኒው፣ ታሽጎ የተቆላ ቡና። ጠጅ አይሆንም። ጉጃራት መጠጥ የተከለከለበት ግዛት ነው፣ ቢሃርም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከልክሏል፤ በሌላውም ቦታ የማይጠጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። የቆዳ ሥራ ለሂንዱ ቤት፣ ጄይን ለሚባለው የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ቤትም አይወሰድም። ማር ጥሩ ስጦታ ይመስላል፣ ጥብቅ ጄይኖች ግን አይበሉትም። ቢላዋም ይቅር።

ቬጅ፣ ኖን ቬጅና የጾም ጉዳይ

የእኛ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሰርጉ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ጾም ላይ ከዋለ «ቬጅ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ እንዳትዘናጉ። ህንድ ውስጥ ቬጅ ሥጋ፣ አሳና እንቁላል የለውም። ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቂቤ ግን ሞልቶታል። ፓኒር አይብ ነው። ናን ብዙ ጊዜ ሊጡ ውስጥ እርጎ ወይም ወተት አለበት። ዳሉ ምስር ስለሆነ አምናችሁት ትጀምራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ግን የጋለ ቂቤ ተደፍቶበት ሊሆን ይችላል። ጣፋጮቹ ጉላብ ጃሙንና ባርፊም የወተት ልጆች ናቸው። የጄይን ምግብም አያድናችሁም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የለውም፣ ቂቤ ግን አለው።

ታዲያ ምን ይበላል? ነጭ ሩዝ፣ ቂቤ ያልተቀባ ደረቅ ሮቲ፣ በዘይት የተሠራ የሽምብራ ወጥ ቻና ማሳላ፣ ድንችና አበባ ጎመን። ለጿሚ ደቡቡ ይሻላል፤ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ ኢድሊ፣ በዘይት የተጋገረ ስስ ቂጣ ዶሳ፣ የክክ ወጥ ሳምባር። አስተናጋጁን «ጊ አለው? ወተትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊ ቂቤ መሆኑን ካወቃችሁ ጥያቄው ይበቃችኋል። አይከፋቸውም፣ እነሱም የየራሳቸው ጾም አላቸው።

የሥጋውን ጉዳይ ቬጅ መደቡ ይፈታላችኋል። የሙስሊም ሥጋ የማይበላ ክርስቲያንም፣ የክርስቲያን ሥጋ የማይበላ ሙስሊምም ወደዚያው ሄዶ በሰላም ይበላል። ሙስሊሞች በሂንዱና በሲክ ሰርግ ላይ ኖን ቬጅ ከመብላታችሁ በፊት ሐላል መሆኑን ጠይቁ። ብዙ የሂንዱ ሰርግ ላይ ግን ሥጋ ጭራሽ የለም፣ «ሥጋው መቼ ይመጣል?» አይባልም።

አበላሉ ላይ አትቸገሩም። በቀኝ እጅ ነው፣ ለምዳችሁታል። ጉርሻ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በብዙ የሂንዱ ቤት አንድ ሰው ከጀመረው ሳህን ላይ የተነሳ ምግብ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ እንደ ረከሰ ይቆጠራል። ከሳህናችሁ ጠቅልላችሁ ለጎረቤታችሁ ብትዘረጉ ደግነታችሁ አይገባውም። የቤቱ ትልልቅ ሰዎች ላዱ የሚባል ድቡልቡል ጣፋጭ ይዘው አፋችሁ ድረስ ከመጡ ግን አፋችሁን ክፈቱ፣ የእነሱ ጉርሻ እሱ ነው። የጾም ቀን ከሆነ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ «ዛሬ ጾም ነኝ» በሉ፣ ወዲያው ያከብሩላችኋል።

የሙዝ ቅጠል ላይ ከቀረበላችሁ አሳላፊው እየዞረ ይጨምራል። ከበቃችሁ እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ጋረድ አድርጉ፣ ዝም ካላችሁ አያቆምም። ስትጨርሱ ታሚሎች ዘንድ ቅጠሉ ወደ ራስ ይታጠፋል፤ ወደ ፊት ማጠፍ የለቅሶ ቤት ነው።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ሰላምታ ላይ ለሴቶችና ለትልልቅ ሰዎች እጅ ከመዘርጋት መዳፍ አጋጥሞ «ናማስቴ» ማለት ይሻላል። ሲክ ቤት «ሳት ስሪ አካል»፣ ሙስሊም ቤት «አሰላሙ ዓለይኩም»። ልጆቹ ዝቅ ብለው የሽማግሌ እግር ሲነኩ ታያላችሁ፤ እናንተ ጎንበስ ብትሉ ይበቃል። የጓደኛችሁን እናት በስም አትጥሩ፣ «አንቲ» በሉ፤ አባትየውን «አንክል»። ፎቶ ጉርድዋራና ኒካ ላይ አስፈቅዳችሁ አንሱ።

መሄድ ካልቻላችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ቀድማችሁ ደውሉ፣ ፖስታውንም በሚሄድ ባልደረባ እጅ ላኩት፤ ከሰርጉ በኋላ ቤታቸው ሄዶ ሻይ እየጠጡ መስጠትም ይቻላል፣ ያኔም የሰርጉን ቪዲዮ ሙሉውን ያሳዩዋችኋል፣ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።